የድሮ ቬስፓ ታይሚንግ፦ ሰሌዳውን ከመንካታችሁ በፊት

የድሮ ቬስፓ ካላችሁ «ታይሚንጓ ሸሽቷል»፣ ማለትም ሞተሯ እሳት የምትሰጥበት ጊዜ ተዛብቷል ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኔ በየጋራዡ ሰምቼዋለሁ። ውሸትም አልነበረም፤ በእርግጥ ሸሽቶ ነበር። ችግሩ ለምን እንደሸሸ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለውን የእሳት ማስተካከያ ሰሌዳ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዞሩታል። ሞተሩ ይነሳል። ከፍዬ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው ጋራዥ በር ላይ ነኝ። በመጨረሻ ራሴ ፈታሁት። ውስጡን ሳይ ስንቷ ደህና ቬስፓ በዚህ ምክንያት ብቻ በብረት ዋጋ እንደተሸጠች አስቤ አዘንኩ። ስለዚህ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ፤ ምናልባት ገንዘባችሁንም ፒስተናችሁንም ታተርፉ ይሆናል።

የእኔዋ ስፕሪንት 150 ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1960ዎቹ ሥራ። አጎቴ ግቢ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባት ከርማ ነው ያገኘኋት። ጠዋት ቀዝቃዛ ሆና በአንድ ኪክ ትነሳለች። ቸርችል ጎዳናን ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስንጀምር ግን መሃል ላይ ትደክማለች። ጋዝ ብትሰጣት አትሰማም። ካጠፏት በኋላ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ በፍጹም አትነሳም። አንዳንዴ ደግሞ ኪኩ እግሬን መልሶ ይመታኛል፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋም ከልክ በላይ ይግላል። እነዚህ ሁሉ የአንድ በሽታ ምልክት መስለውኝ ነበር። ብዙ በሽታዎች ተደርበው ነው የነበሩት።

ታይሚንግ ምንድን ነው ለሚል ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን እያመቀ ወደ ላይ ይወጣል። ካንዴላው እሳት መስጠት ያለበት ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ ምክንያቱም እሳቱ እስኪዛመት ጊዜ ይፈልጋል። ከልክ በላይ ከቀደመ ገና ወደ ላይ እየመጣ ያለውን ፒስተን ይገፋዋል። ኪክ እግር የሚመታው ያኔ ነው፣ ዳገት ላይ ሞተሩ የሚያንኳኳው ያኔ ነው፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ከዘገየ ደግሞ ጉልበት ይጠፋል፤ ሲሊንደር ውስጥ ማለቅ የነበረበት እሳት ማርሚታ ድረስ ይወርድና ማርሚታውን ያግለዋል። ልኩ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። የስፕሪንት ፒስተን የሚመላለሰው 57 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ 22 ዲግሪ ማለት ፒስተኑ ከጫፉ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው። እዚያ አካባቢ አንድ ዲግሪ ሩብ ሚሊ ሜትር አትሞላም።

ይህን ሁሉ የሚወስነው በቀኝ በኩል ካለው ቮላኖ (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) ጀርባ የተደበቀው ፑንቲና ነው፤ እየተከፈተ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መነካኪያ ማለት ነው። የቮላኖው እምብርት ላይ አንድ እብጠት አለ። እብጠቱ ፑንቲናውን ገፍቶ ሲከፍተው ካንዴላው እሳት ይሰጣል። ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩና የሽቦ ጥቅልሎቹ የተቀመጡት በሦስት ብሎን በታሰረ ክብ ሰሌዳ ላይ ነው። ብሎኖቹን አላልታችሁ ሰሌዳውን ስታዞሩ እሳቱ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። የመኪና ዲስትሪቢዩተር ላይ ያለው፣ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱን ራሱ የሚያስቀድም መሣሪያ እዚህ የለም። የተሰጠው ልክ በዝግታም በፍጥነትም ያው ነው። ስለዚህ የተበላ ዕቃ ካለ የሚሸፍንለት ነገር የለም።

አሁን ወደ መፍታቱ። እዚህ ላይ እባካችሁ ቀስ በሉ። ቮላኖው ከአሉሚኒየም የተሠሩ ክንፎች አሉት፣ አየር የሚያራግቡት እነሱ ናቸው። ዳዶውን ለመፍታት ብለው ካቻቢቴ ክንፎቹ መሃል ሰክተው የሚያግዱ አሉ፤ ክንፉ ይሰበርና ቮላኖው ሚዛኑን ያጣል። በመዶሻ የሚመቱም አሉ። ትልልቆቹ ቬስፓዎች ላይ ዳዶው ፊት ለፊት የብረት ቀለበት ስላለ፣ ዳዶውን እየፈታችሁ ስትቀጥሉ ቀለበቱን ገፍቶ ቮላኖውን ራሱ ይስበዋል። ቀለበቱ ከጠፋ ወይም ትናንሾቹን ቬስፓዎች ከያዛችሁ የራሱ መንቀያ አለ፣ ፈልጋችሁ አግኙት። ለማገድም የራሱ ማገጃ አለ። ሁለቱንም ብትገዙ ወይም ብትዋሱ ከአንድ ቮላኖ ዋጋ ይረክሳል። ቮላኖው ከወጣ በኋላ መሬት ላይ እንዳትጥሉት። ውስጡ ማግኔት ስለሆነ የብረት ዱቄት ሁሉ ይለቅማል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፣ ከመመለሳችሁ በፊትም ውስጡን በደንብ ጥረጉት።

የእኔዋ ስትከፈት የመጀመሪያው ፍንጭ ወዲያው ታየኝ። ሰሌዳው ወደ ግራ፣ ብሎኖቹ የሚንሸራተቱበት ቀዳዳ እስከሚያልቅ ድረስ ዞሯል። ያም አልበቃ ብሎ አንድ ሰው ቀዳዳውን በሞረድ በልቶ አስፍቶታል። ይህን ካያችሁ ልብ በሉ። ፋብሪካው ቀዳዳውን የሠራው ለማስተካከያ የሚበቃ አድርጎ ነው። ሰሌዳው ጫፍ ደርሶ ገና «ትንሽ ይቀረዋል» ከተባለ ጥፋቱ ሰሌዳው ላይ አይደለም፣ ሌላ ቦታ የተሰበረ ወይም የተበላ ነገር አለ። ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውን ረስቼ ሌላውን ሁሉ መመርመር ጀመርኩ።

የተሰበረውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የሞተሩ ዘንግ ላይ ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ሽብልቅ አለች። ቮላኖው በትክክለኛው ቦታ እንዲቀመጥ የምታደርገው እሷ ናት። የእኔ ሽብልቅ ወገቧ ላይ ተቆርጣ ግማሿ ወደ ጎን ሸሽታለች። ቮላኖው ዘንጉ ላይ ወደኋላ ተንሸራቷል፣ እሳቱ ዘግይቷል፣ እነሱም ያንን ለማካካስ ሰሌዳውን አዙረዋል። ብዙ ሰው ቮላኖውን የምትይዘው ሽብልቋ ትመስለዋለች። እሷ ቦታ ብቻ ነው የምታሳየው። የሚይዘው ሾጣጣው የዘንግ ጫፍና የቮላኖው ቀዳዳ ተጣብቀው የሚፈጥሩት ሰበቃ ነው። ዳዶው ከላላ፣ ወይም ሾጣጣው ላይ ዘይት፣ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ ሰበቃው ይጠፋል። ያኔ ጭነቱ በሙሉ በዚያች ቁራጭ ብረት ላይ ይወድቃል፣ እሷም ትቆረጣለች።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ሽብልቋን ከቦይዋ አውጡ። የቫልቭ መሞረጃ ቅባት፣ ደቃቁን፣ ሾጣጣው ላይ ትንሽ ቀቡና ቮላኖውን ያለ ሽብልቅ በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አስማሙት። ሁለቱም ፊት ወጥ የሆነ ግራጫ መልክ ሲይዝ ይበቃል። ከዚያ ቅባቱን በቤንዚን እጠቡ፣ አንዲት ቅንጣት እንኳ እንዳትቀር። አድርቁት። አዲስ ሽብልቅ አስገቡ፣ ቮላኖውን በደረቁ ግጠሙ፣ ዳዶውን መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ሾጣጣው ላይ ዘይትም ግሪስም አይቀባም፤ «እንዳይዝግ» ብለው የሚቀቡላችሁ ካሉ ከልክሏቸው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሽብልቋን ቀይራችሁ ሰሌዳውን በነበረበት ከተዋችሁት እሳቱ አሁን በጣም ይቀድማል። ሳታስተካክሉ እንዳታስነሷት። እግር ይሰብራል፣ ፒስተን ይበሳል።

ቀጥሎ ፑንቲናው። የእኔዋ ላይ አንደኛው ፊት ጉድጓድ፣ ሌላኛው ፊት ጉብታ አውጥቷል፣ ሁለቱም ጠቁረዋል። በተጨማሪ ከእብጠቱ ጋር የሚፋተገው ተረከዙ አልቆ ነበር። ተረከዙ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፣ እሳቱም ይዘገያል። ማለትም ማንም ምንም ሳይነካ ታይሚንግ በራሱ ይሸሻል። ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ባለው ክፍተት ይሠራል፤ እኔ 0.4 ላይ አደርገዋለሁ። የሚለካው ፑንቲናው በጣም በተከፈተበት ቦታ ነው። ጉብታ ያወጣ ፑንቲና ላይ ግን ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ይዋሻል፣ ጌጁ የሚነካው የጉብታውን ጫፍ ስለሆነ። እንዲህ የሆነውን ቀይሩት።

በትንሹ ግራጫ የሆነ ፑንቲና መጥረግ ይበቃዋል። ደቃቅ የፑንቲና ሞረድ ካለ መልካም። ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ የአሸዋው ደቃቅ እብረቱ ውስጥ ተቀብሮ ይቀርና ኤሌክትሪኩን ያግዳል። ከሞረዱ በኋላ ንጹሕ ነጭ ወረቀት መሃሉ አስገብታችሁ ጎትቱ፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አዲስ ፑንቲናም ቢሆን ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት መከላከያ ስለሚቀባ በአልኮል ወይም በቤንዚን ይጠረግ። አዲስ ገጥመው «እሳት የለም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህችን ነው።

ሰሌዳው ላይ እብጠቱን የምትነካ ትንሽ የሱፍ ቁራጭ አለች። ደረቅ ከሆነች የፑንቲናው ተረከዝ ቶሎ ያልቃል። ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት፣ ወይም ሙቀት የሚችል ግሪስ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃታል። የእኔ ጨርሶ አልነበረችም፤ በእሷ ፋንታ አንድ ሰው እብጠቱን በግሪስ አጥለቅልቆታል። ግሪሱ በሽክርክሪቱ ተረጭቶ ፑንቲናው ፊት ላይ አርፎ ተቃጥሏል። ጥቁረቱ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።

ግማሹ ደግሞ ከኮንደንሰሩ ነው። ኮንደንሰሩ ፑንቲናው ሲከፈት እሳቱ እዚያው ፑንቲናው ላይ እንዳይዘል ያደርጋል፣ ጉልበቱም ወደ ካንዴላው እንዲሄድ። ሲደክም ብልጭታው ፑንቲናው ላይ ይሆናል፣ ጉድጓድና ጉብታ የሚፈጠረውም ያኔ ነው። ስለዚህ ፑንቲና ብቻ ቀይራችሁ ኮንደንሰሩን ከተዋችሁት አዲሱንም በአጭር ጊዜ ትበሉታላችሁ። የደከመ ኮንደንሰር ባሕርይ ይታወቃል፤ በብርድ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የእኔዋ ቸርችል ላይ የምታሳየው ልክ ይህንኑ ነበር። ዳገቱን ስወቅስ የኖርኩት በከንቱ ነው።

ኮንደንሰር ሲገዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ «አዲስ» ከአሮጌው ላይሻል ይችላል። የሚለካ መልቲሜትር ያለው ሰው አስለኩ፣ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። የቬስፓው ከጠፋ የመኪና ኮንደንሰር ይሠራል። የድሮው ቮልስ ኮንደንሰር ለዚህ ሥራ የሚቀራረብ ነው፣ ሱማሌ ተራም ብትጠይቁ ተስፋ አለው። እኔ ያደረግኩት ኮንደንሰሩን ከቮላኖው ጀርባ አውጥቼ ከሙቀቱ ራቅ አድርጌ ቦቢናው (ለካንዴላው እሳት የሚልከው ጥቅልል) አጠገብ ማሰር ነው። ቢበላሽ እንኳ መንገድ ዳር ቮላኖ ሳይፈታ ይቀየራል። አካሉ ከሻሲው ብረት ጋር በደንብ መነካካቱን ብቻ አረጋግጡ፤ ቀለሙን ፋቅ አድርጉለት።

ሽቦዎቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ከሰሌዳው የሚወጡት ሽቦዎች ልባሳቸው በዕድሜ ይደርቅና ሲያጥፉት ይፈረፈራል። ባዶው ሽቦ ከብረት ጋር ሲነካካ እሳት ይጠፋል፣ ሰሌዳውን ሲያዞሩት ደግሞ ሽቦው ቦታ ስለሚቀይር ይመለሳል። «ታይሚንጉ ነው፣ ይኸው አዙሬው ተነሳች» የሚያስብለውም አንዱ ይሄ ነው። ሙቀት በሚችል ሽቦ ሁሉንም ቀይሩ፣ በቆርቆሮ በደንብ ይበየድ።

ዕቃዎቹ ሁሉ ጤነኛ ሲሆኑ ነው ታይሚንግ የሚስተካከለው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መጀመሪያ የፑንቲና ክፍተት፣ ቀጥሎ የሰሌዳው ቦታ። ክፍተቱን በኋላ ከነካችሁ ጊዜውም አብሮ ይነካል። ክፍተት ሲሰፋ እሳት ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ቮላኖው በራሱ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር፣ ሰሌዳውን ወደ ግራ ስታዞሩት እሳቱ ይቀድማል፣ ወደ ቀኝ ሲሆን ይዘገያል።

የፒስተኑን ጫፍ በዓይን ግምት አትፈልጉ። ካቻቢቴ በካንዴላ ቀዳዳ አስገብቶ «አሁን ቆመ» ማለት አያዋጣም፣ ምክንያቱም ፒስተኑ ጫፍ አካባቢ ለብዙ ዲግሪ የቆመ ይመስላል። የተሻለው መንገድ ይህ ነው። የድሮ ካንዴላ ሸክላውን ሰብራችሁ አውጡና መሃሉ ላይ ጫፉ ክብ የሆነ ብሎን አስሩበት። ያን በካንዴላው ቦታ ግጠሙት፣ ፒስተኑን ጫፍ ሳይደርስ ያግደዋል። ቮላኖውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ እስኪታገድ አዙሩ፣ ሞተሩ አካል ላይ ካደረጋችሁት ቋሚ ምልክት ትይዩ ቮላኖው ላይ ምልክት አድርጉ። በተቃራኒው አዙራችሁ እስኪታገድ፣ እንደገና ምልክት። የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ የፒስተኑ ትክክለኛ ጫፍ ነው። ቀላል ነው፣ አይሳሳትም።

ከዚያ ዲግሪውን ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሩ። የቮላኖውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ ለ360 አካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 540 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ዲግሪ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 22 ዲግሪ ደግሞ 33 ሚሊ ሜትር። ስንት ዲግሪ እንደሚያስፈልግ በየሞዴሉ ስለሚለያይ የእናንተን ሞዴል መመሪያ ተመልከቱ፣ የጎረቤት ቬስፓ ልክ አትዋሱ። ምልክቱን በየትኛው በኩል እንደምታደርጉ ከተምታታባችሁ ይህን አስቡ፦ ቮላኖው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር ቋሚውን ምልክት ቀድሞ የሚያገኘው የእሳቱ ምልክት ነው፣ የፒስተኑ ጫፍ ምልክት ከኋላው ይከተላል።

ፑንቲናው መቼ እንደሚከፈት ለማወቅ ብዙ ሰው በመልቲሜትር ጩኸት ይሞክራል። የቬስፓ ፑንቲና ከጥቅልሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ተከፍቶም ተዘግቶም ይጮሃል። የጥቅልሉን ሽቦ ከፑንቲናው ካላቀቃችሁ በስተቀር አያገለግልም። እኔ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋር ሄጄ «ጋሼ፣ እርስዎ በምንድን ነው የሚያዩት?» ብላቸው ከኪሳቸው የሲጋራ ወረቀት አወጡ። ቀደድ አድርገው ፑንቲናው መሃል አስገቡ፣ በለስላሳው እየሳቡ ቮላኖውን በጣም በዝግታ አዞሩ። ወረቀቱ የሚለቅባት ቅጽበት እሳት የሚሰጥባት ቅጽበት ናት። የእሳቱ ምልክት ከቋሚው ምልክት ጋር ስትገጥም ወረቀቱ ከለቀቀ አለቀ። ካልሆነ ሰሌዳውን በጥቂቱ እያዞሩ መድገም ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ መርገጫዋን ስረግጥ ወዲያው ተነሳች፣ ቸርችልንም ወጣችው። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን አንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ስትሮብ መብራት ስላየሁ ላረጋግጥ ብዬ አስመጣሁት። ይህ መብራት ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ ስለሚል የሚዞረውን ቮላኖ የቆመ አስመስሎ ያሳያል። ቬስፓዋ 6 ቮልት ስለሆነች ለመብራቱ ኃይል ከሌላ የመኪና ባትሪ ወሰድን። ምልክቱ አንድ ቦታ መቆም ሲገባው ወዲያ ወዲህ ይጨፍር ነበር። አንዱ ብልጭታ ትክክል፣ ቀጣዩ ዘግይቶ፣ ሌላው ቀድሞ።

ለእኚያው ጋሼ ነገርኳቸው። መብራቱን እንኳ አላዩትም። ሞተሩን አስጠፉኝ፣ ቮላኖውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። ቀጭን ኳ ኳ ተሰማ። «ልጄ፣ የዘንጉ ኩሽኔታ አልቋል። ዘንጉ እየተወዛወዘ ፑንቲና እንዴት ብሎ ይቆማል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እብጠቱ ያለው ቮላኖው ላይ ነው፣ ቮላኖው ያለው ዘንጉ ላይ ነው፣ ዘንጉ ከተወዛወዘ የ0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትርጉም የለውም። ቮላኖውን እንደገና ስንፈታው የጥቅልሎቹ ብረት ላይ ማግኔቱ የፈተገው የሚያብረቀርቅ ጭረት አለ። ጭረቱ መጀመሪያም ስፈታው ነበር። እናንተ ስትፈቱ ይህን ምልክት ፈልጉ፤ ካለ ሌላውን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ኩሽኔታው ይቅደም። ወጪውም ድካሙም አንድ ጊዜ ይሆናል።

ኩሽኔታ ማለት ሞተሩን ለሁለት መክፈት ማለት ነው፣ ቀላል ሥራ አይደለም። ልምድ ለሌለው ሰው ራሳችሁ አድርጉት አልልም። ሞተሩ ከተከፈተ ግን ሁለቱንም ኩሽኔታና ሁለቱንም ኦይል ሲል (ዘንጉ ዙሪያ ያለውን የጎማ መከላከያ) ቀይሩ። በቮላኖ በኩል ያለው ኦይል ሲል ሲያልቅ ሞተሩ በዚያ በኩል አየር ይስባል። ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ጋዙን ለቃችሁት እንኳ ድምፁ አይወርድም። ይህም «ታይሚንግ ነው» ይባላል፣ አይደለም። ሰሌዳው ዙሪያ የዘይትና የቤንዚን እርጥበት ካያችሁ ኦይል ሲሉን ጠርጥሩ። እርጥበቱ ፑንቲናውንም ያበላሻል።

ከዚያ በኋላ ስትሮቡ ስር ምልክቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ሳይ የተሰማኝን ደስታ የድሮ ሞተር የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ይሁንና ካንዴላው ገና ይጠቁር ነበር፣ የሚያውቁኝም «አሁንም ታይሚንጉ» አሉ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳውን ማንም እንዲነካ አልፈቀድኩም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል ያንሳል። ከጣሊያን ሲመጣ የተገጠመው የካርቡራተር ጄት (ቤንዚኑን መጥና የምታሳልፈው ቀዳዳ) ለእዚያ አየር ነው የተመጠነው፤ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛል። ጄቱን በትንሹ ዝቅ ስናደርግ ካንዴላው ቡናማ መልክ ያዘ። ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር ቆላ የምትወርዱበት ከሆነ ግን የቀድሞውን ጄት መልሱ። ቆላ ላይ የተቀነሰ ጄት ሞተር ያቃጥላል። ጥቁር ካንዴላ በዘይት ብዛትም ይመጣል፤ እንደ እኔዋ ላሉ ሞተሮች 2 በመቶ፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይበቃል። በዓይን ግምት ማንቆርቆር ይቅር።

አሁን የማደርገው እንክብካቤ ጥቂት ነው። አዲስ ፑንቲና ሲገጠም ተረከዙ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ስለሚላላጥ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ክፍተቱን መልሼ እለካለሁ። ለዚህ ቮላኖ መፍታት አያስፈልግም፣ ቮላኖው ላይ ባለው መስኮት ይታያል። ከዚያ በኋላ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ አያለሁ፣ ሱፏን አንድ ሁለት ጠብታ አጠጣለሁ፣ የካንዴላውን ክፍተት 0.6 ላይ አደርጋለሁ። እሳት ለማየት ካንዴላውን አውጥታችሁ ኪክ ስታደርጉ የካንዴላው ብረት ሲሊንደሩን መንካቱን አትርሱ፣ ቤንዚን የፈሰሰበት አጠገብም አታድርጉት።

ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ልቀይር ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ በየቀኑ ለሥራ የምትነዷት ከሆነ ተገቢ ነው፤ ፑንቲናም ኮንደንሰርም አያስፈልግም። ነገር ግን ኩሽኔታው የሚወዛወዝ ሞተር ላይ ኤሌክትሮኒክ ቢገጠምም በሽታው ይቀጥላል። የአሮጌውን ሰሌዳና ቮላኖም አብራችሁ አስቀምጡ፤ ኤሌክትሮኒኩ መንገድ ላይ ቢሞት በካቻቢቴ አይጠገንም። እኔ ፑንቲናውን ይዤ ቀጥያለሁ፣ ምክንያቱም የትም ብቆም ራሴ ላስነሳት እችላለሁ።

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ያስለቀሰች ናት። አንዳንድ የ6 ቮልት ቬስፓዎች ላይ የእሳቱ ኤሌክትሪክ ፍሬን ሲረገጥ በኋላው የፍሬን አምፖል በኩል አልፎ ነው ወደ ብረቱ የሚመለሰው። አምፖሉ ከተቃጠለ ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር ሞተሩ ይንተፋተፋል ወይም ይጠፋል። ትራፊክ መብራት ላይ በቆማችሁ ቁጥር የምትጠፋ ቬስፓ ካለቻችሁ፣ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አምፖሉን እዩ። ቫቱም ትክክለኛው ይሁን፣ የተገኘውን አትግጠሙ። የእኔ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የፍሬን አምፖል፣ አንድ ኮንደንሰር፣ ፑንቲና፣ ሽብልቅ፣ ካንዴላ፣ ፊለር ጌጅና አጭር ካቻቢቴ አለ። የሲጋራ ወረቀትም አለ፣ ሲጋራ ባላጨስም።